የረሻድ ሦስት የማይታዩ ጸሐፊዎች

ረሻድን ፒያሳ የሚያውቀው በጽሕፈት መኪናው ነው። ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ሠላሳ ዓመት የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ኖሮ፣ በስተርጅና ኮምፒውተር ለብቻው ተማረ። መማር ብቻ መሰላችሁ? ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረውን የቢሮ ፕሮግራም በአንድ ማሽን ላይ ሦስት አድርጎ፣ ምንም መስኮት ሳይከፈት ከኋላ ሆነው እንዲሠሩ አደረጋቸው! ደንበኛ ፋይሉን በቴሌግራም ይልካል፣ ከሦስቱ አንዱ ተቀብሎ ይቀይራል፣ ማተሚያው ያወጣል፣ ረሻድ አጥፎ ፖስታ ውስጥ ያሽጋል።

«ሦስት ጸሐፊ ቀጥሬአለሁ፣ አንዱም ምሳ አይበላ!» ይላል ለጎረቤቱ ለወርቅ ሠሪው ካሊድ።

መመሪያው ታዲያ «ለእያንዳንዱ የየራሱን ፎልደር ስጥ» ይላል። ረሻድ አንብቦታል። «አንድ ይበቃቸዋል፣ ወንድማማች አይደሉ!» ብሎ ሦስቱንም አንድ ውስጥ አጎራቸው። የአራዳ ሰው ደግሞ ፋይሉን ምን ብሎ ይሰይማል? «ማመልከቻ»። ሁሉም «ማመልከቻ»!

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት «ማመልከቻ» በአንድ ደቂቃ ገቡና አንዱ በሌላው ላይ ተጻፈ።

ከቀትር በኋላ መምህርት ትህትና ፊቷ ቲማቲም መስሎ መጣች። አምስት ኪሎ ላለ ትምህርት ቤት የሥራ ማመልከቻ ብላ ያስገባችው ፖስታ ሲከፈት፣ ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰው ለሽማግሌዎች የጻፈው ልመና ሆኖ ተገኘ።

«ጋሽ ረሻድ፣ ‹አልጋው ሰፋኝ› የሚለውን የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ጮክ ብላ አነበበችው እኮ! ቀልደኛ አንፈልግም አሉኝ። ማስገቢያው ደግሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ያበቃል።»

ረሻድ ወዲያው ገባው። አፉ ግን «መብራት ነው እህቴ፣ ጠዋት ጠፋ መጣ እያለ አበላሸብን» አለ።

«ውይ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ! አይዘኑ፣ የእኔ ዕድል ነው» ብላ ወጣች።

ካሊድ አንገቱን በበሩ አሰገገ። «መብራት? ጠዋት ሙሉ ቀለበት ስበይድ አይደል የዋልኩት! አምፖሌ ዓይኑን አልጨፈነም።»

ረሻድ ጆሮው ድረስ ጋለ። አጥፍቶባት እሷ ታጽናናው! ማመልከቻዋን ከቴሌግራም ፈልጎ አተመ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ እንድትመለስ ደወለላት፣ ታክሲ ያዘ።

ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ አራት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። ረሻድ ባንኮኒው ፊት ቆሞ ወረቀቱን ዘረጋ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ማተሚያ ቤት አለኝ፤ በስንፍናዬ የሁለት ሰው ደብዳቤ አደባለቅሁ። መምህርቷ ምንም አላጠፋችም።»

ጸሐፊዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አልጋው የሰፋቸው እርስዎ ነዎት?» አለች።

«አይደለሁም ልጄ። የሰውየውን ገመና አደባባይ ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ማመልከቻው ማኅተም ተመታበት።

ዞር ሲል ትህትና በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉን ሰምታለች።

«መብራት ነው ያሉኝስ?»

«ዋሸሁሽ።» ጫማውን አየ።

«እኔ እኮ ታክሲ ውስጥ ለመብራትዎ ስጸልይ ነበር» አለችው፣ ሳትቆጣ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ደረጃው ላይ ብቻውን ቀረ። ሚስቱ የሄደችበት ሰውዬ ደብዳቤው ለማያውቃቸው ሰዎች መነበቡን አልሰማም፤ ረሻድ ዝም ቢል የሚነግረውም የለም። ስልኩን አወጣ፣ የሰውየውን ቁጥር ፈለገ።

«ሄሎ፣ አቶ አጽብሐ? ረሻድ ነኝ፣ የፒያሳው። እባክዎ አይዝጉብኝ፤ የምነግርዎ ነገር ያሳፍራል።»