ስፕሬይ ያልነካው የአባዬ ሥዕል

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር አንዲት ፀጉር ቤት ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ፣ ፀጉር ሠሪዋ የአንዲት ሙሽራ ፀጉር ላይ ስፕሬይ ስትረጭ ያ ጣፋጭ ሆኖ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ መጣ። ለሌላው ሰው የሠርግ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የሥዕልና የዲዛይን ትምህርት ቤታችን ሽታ ነው፤ ምክንያቱም በከሰል የሳልነው እንዳይረግፍ የሚረጨው መድኃኒት ድሬ ውስጥ ስለማይገኝ፣ የእህቶቻችንን የፀጉር ስፕሬይ እየሰረቅን ነበር የምንረጨው። የሚረጨውም ያለቀ ሥዕል ብቻ ነበር፤ አንዴ ከተረጨ ደግሞ ወዲያ እጅ አይገባበትም።

በሁለተኛው ዓመት ሁላችንም አንድ ዘርፍ መምረጥ ነበረብን፤ የሰው ምስል ወይ የጨርቅ ዲዛይን። የእኔ ምርጫ ገና በልጅነቴ የባቡር መካኒኩን አባዬን ከነቆቡ ግድግዳ ላይ ስሞነጫጭር ያለቀለት ነገር ስለነበር፣ ለማመልከቻው የሚያስፈልጉትን ሦስት የሰው ምስሎች ለመሳል እየጨፈርኩ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ የሳልኩት የሰፈራችንን ባለሱቅ የአብዲን ወንድም ሐሰንን ነበር፤ ከመልካ ጀብዱ በአይሱዙ አትክልት የሚያመላልስ ሾፌር፣ “አቦ፣ አፍንጫዬን ቀንሺልኝ!” እያለ ሲያስቀኝ የዋለ። በሳምንቱ መኪናው ተገለበጠና ሞተ። ቀጥዬ ጎረቤታችንን እማማ አሰለፈችን ሳልኳቸው፤ እሳቸው ደግሞ ብዙም ሳይቆዩ እንደተኙ ቀሩ። አርጅተው ነበር እኮ! ግን ማን ሊሰማኝ፤ ሰፈሩ ሁለቱን ሞት ገጣጥሞ እጄ ላይ አሰረው።

ከዚያ ወዲያ ወረቀት ይዤ ስወጣ ሴቶቹ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ይስቡ ጀመር፤ ሳዪኝ እያለ ነፍሴን ሲያወጣ የከረመው ባለባጃጅ እንኳ “እህቴ፣ እኔን በፈጠረሽ እለፊኝ!” ብሎ ፈተለከ። ሰው ፊት እስቅ ነበር፤ ቤት ስገባ ግን እጄን ደጋግሜ ብታጠብም የከሰሉ ጥቁረት አልለቅ ይለኛል። አብዲ ብቻ አልሸሸኝም። አንድ ቀን ሱቁ ስገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ዋላል፣ እህቴ፣ ሰው ከሳልሽ ዓይኑን ተይው። እኛ ዘንድ ዓይን የሌለው ነገር ሰው አይባልም፤ በፍርድ ቀን ለሳልሽው ነፍሱን አምጪ የሚልሽም የለም” አለኝ። ወላሂ፣ ከዚያ በፊት ቢለኝ ስቄበት እወጣ ነበር።

ሦስተኛ ሰው ጠፋ። አባዬ ይህን ሲሰማ፣ በዚያ ሙቀት ወፍራሙን የባቡር ጃኬቱን ለብሶ ወንበሩን ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር አወጣና፣ “ነይ ሳዪኝ፤ ለልጄ ሙያ የሚመርጥላት የመንደር ወሬ ነው እንዴ?” አለ። ያን ሰሞን ሳል ጀምሮት ነበር፣ ቀበቶውም ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቶ ነበር፤ ጃኬቱ ከትከሻው ሲወርድ እያየሁ እንዳላየሁ ሆንኩ። ግንባሩን፣ ፂሙን፣ በሳል የደረቀ ከንፈሩን ሳልኩና ዓይኑ ላይ ስደርስ ነፋሱ ቀጥ አለ፤ እሱም ትክ ብሎ ያየኛል። ከሰሉን አስቀመጥኩ።

“ዓይኔስ?” አለኝ ወረቀቱን ተቀብሎ ሲያየው።

“ነገ” አልኩት።

በማግስቱም ነገ አልኩት፤ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። መምህራችን ዓይን የሌለው ምስል አልቀበልም ሲል፣ ጨርቅ መቼም አይሞትም ብዬ የጨርቅ ዲዛይን ውስጥ ተመዘገብኩ። አባዬ ሲሰማ ጃኬቱን አጥፎ ሣጥን ውስጥ ከተተው።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። ዓይኑንም ትቼለት ሞተ! ሐኪሞቹ የሳንባ ነው፣ ከያዘው ከርሟል አሉ፤ የእኔ ከሰል የት ያውቀዋል።

ይኸው ዛሬ የድሪዕ ቀሚስና የሻሽ አበባ እየነደፍኩ እኖራለሁ፤ እንጀራ ነው፣ አላማርርም። የአባዬም ፎቶ ሞልቷል፤ በሁሉም ላይ ግን ቢሮ እንደተጠራ ሰው ካሜራውን ነው የሚያየው። ከኒሙ ሥር ሆኖ እኔን ያየበት አስተያየት አንዱም ላይ የለም።

ቅዳሜ ከፀጉር ቤቱ ስወጣ አንድ ስፕሬይ ገዝቼ ገባሁና ሥዕሉን ከቁም ሣጥን አወጣሁት። ሳይረጭ ስለኖረ ከሰሉ ረግፏል፤ ፂሙ የለም፣ ከንፈሩም ግማሹ ሄዷል፣ የተጠቀለለበት ላስቲክ ውስጥ ጥቁር ዱቄት ተጠራቅሟል። ለከርሞ ባዶ ወረቀት ነው። ዓይኑን ልጨርስለት ከሰል አነሳሁ። ያን ቀን ሲያየኝ እየሳቀብኝ ነበር? ወይስ እሱም እንደኔ ፈርቶ? ብዙ ተቀመጥኩ፤ አስተያየቱ አልመጣልኝም።

ከሰሉን አስቀምጬ ስፕሬዩን አነሳሁና ረጨሁት። ቤቱ ሙሽራ ሙሽራ ሸተተ።