ያልተበጠረው ጎፈር

ደብረ ታቦር ላይ ጎፈር የፈለገ ሰው ማሬን ይጠይቃል። ፎካሪ ራሱ ላይ የሚደፋውን፣ የአንበሳ ጋማ የሚመስለውን ነገር ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍታለች። የአንበሳ ቆዳ ከየት ይመጣል? ከገሳይ ገበያ ጠጉሩ የረዘመ የበግ ቆዳ ትመርጣለች፤ አጥባ፣ በሻይ ውኃ አቅልማ፣ ቅቤ አስነክታ፣ እንደ ሙሽራ ጠጉር አበጥራ ታስረክባለች። ስፌቷ ቢጎተት አይተረተርም።

ነገሩ የተበላሸው የባህል ቡድኑ አለቃ ሚልኪያስ ባሕር ዳር ትርኢት አሳይቶ የተመለሰ ዕለት ነው።

«እትዬ ማሬ፣ አይቀየሙኝ። ፎካሪያችን ይሻው የእርስዎን ጎፈር ደፍቶ ‹ዘራፍ!› ብሎ ሲወጣ ከተመልካቹ አንዱ ‹ምባ!› አለ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ በግ ሆነ።»

«ይሻውስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? እሱም ሳቀ። እንግዲህ ለሚቀጥለው ከአዲስ አበባ ልናስመጣ ነው።»

ማሬ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች። ሙያዋ ከእጇ ሊወጣ ነው። «ሦስት ሳምንት ስጠኝ» አለች። እውነቱን ለመናገር አንበሳ በዓይኗ አይታ አታውቅም። የምታውቀው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሳለውን ነው፤ እሱ ደግሞ የተበጠረ ነው።

በሳምንቱ አዲስ አበባ፣ ልጇ ሩት ዘንድ ሄደች። ሩት ዘመድ ጥየቃ ልትወስዳት ብታስብ «መጀመሪያ አንበሳ!» አለቻት። አንበሳ ግቢ ሲደርሱ አንበሳው ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል።

«እማዬ፣ አየሽው፤ እንሂድ በቃ።»

«ያየሁት ቂጡን ነው። ጎፈር ቂጥ ላይ አይደፋም።» ወደ ጠባቂው ዞረች። «ወንድሜ፣ አንዴ ቀስቅስልኝ።»

«እናቴ፣ የተቀጠርኩት ልቀልበው እንጂ ልቀሰቅሰው አይደለም።»

ዳቦ ቆሎ እየቆረጠመች ጠበቀች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሥጋው ጋሪ ሲንኳኳ አንበሳው ተነሣና ራሱን አራገፈ። ማሬ ጉልበቷን መታች።

«ወይ ጉድ! ሩት፣ ይኼ እኮ ማበጠሪያ አይቶ አያውቅም!»

ጋማው ፊቱ ዙሪያ አጭርና ቀላ ያለ ነው፤ ወደ ደረቱ ሲወርድ ይጠቁራል። አንዱ ጠጉር ተቋጥሯል፣ ሌላው ቆሟል፣ ሁሉም ደርቋል። ለካ በጉን በግ ያደረገችው እሷው ናት፤ ለሙሽራ የሚያምረውን ለአውሬ ስታደርግ ኖራለች። ከአጥሩ ወዲህ ሆና ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ደረቱን በዓይኗ ለካች፤ የእያንዳንዱን ርዝመት በክር ላይ ቋጠረች። ጎብኚዎቹ አንበሳውን ትተው እሷን ፎቶ አነሡ።

አገሯ ተመልሳ ከአንድ ቀይ፣ ከአንድ ጥቁር ቆዳ ሠራች። ጠጉሩን አበላልጣ ቆረጠች፤ የግንባሩን ወደ ኋላ መልሳ ሰፋች። የቸገራት እጇ ነው፤ ሳታስበው ማበጠሪያ ፍለጋ ይሄዳል። በመጨረሻ ማበጠሪያውን ለጎረቤቷ ለአልማዝ ሰጥታ «ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ» አለቻት።

በልምምዱ ቀን ይሻው ጎፈሩን ደፍቶ «ዘራፍ!» ብሎ ሲዞር፣ ከበሮ መቺዋ ሶስና ምቱን ጥላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሚልኪያስ ዙሪያውን እየዞረ አየ።

«እህ? በግ የሚል ይኖራል?» አለች ማሬ።

«ቢኖርም ይሮጣል እንጂ አይጮኽም። የአዲስ አበባው ቀርቷል፤ አምስት ይሥሩልን። ለእኔም አንድ ይጨምሩ።»

«አንተ መቼ ፎክረህ ታውቅና?»

«ይኼን ከደፋሁ ማን ይከለክለኛል?»

«በል ቁጭ በል፣ ራስህን ልለካ» አለችው።