ከእርግብ በኋላ የመጣችው በቀቀን

በባስራ እርግብ አብራሪ ቢምል የሚያምነው የለም። የሰው እርግብ ሰገነቱ ላይ ካረፈች «በአባቴ መቃብር፣ የኔው ናት!» ይላል ስለሚባል ሽማግሌዎች ለምስክርነት አይጠሩትም። ጋድባን ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እርግብ አብራሪ ነበር። አንድ ልጁን ኢቅባልን ሊያጩ የመጡት ሰዎች «አባትየው እርግብ ያበርራል አሉ» ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰማና እርግቦቹን አንድም ሳያስቀር ለሰው ሰጠ። ሠርጉ አማረ፤ የእሱ ቅስም ግን ተሰበረ። ባዶው የወፍ ቤት ፊት ቆሞ መዋል ጀመረ።

ይህን ያየች ኢቅባል አንዲት አረንጓዴ በቀቀን አመጣችለት። «ባባ፣ ለበቀቀን ብሎ በሐሰት የማለ ሰው አልሰማሁም፤ ይቺን ያዝ» አለችው።

ጋድባን የወፍ ቤቱን እንደ አዲስ ሠራው። የእንጨቱን በር በቀቀኗ በመንቁሯ ከርክማ ስለጨረሰችው በብረት ቀየረው፤ የሽቦ መረቡን አጠበቀ፤ ቆርቆሮው እንዳያቃጥላት የዘንባባ ሰሌን ደረበበት፤ ማረፊያም ከቁርቁራ ቅርንጫፍ አበጀላት። በቤቱ ነገር አይታማም። የተሳሳተው ማላመዱ ላይ ነው።

የሚያውቀው የእርግብ ሕግ ነበር፤ ማስራብ፣ ማፏጨት፣ ከዚያ እህል መበተን። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። በቀቀኗ ግን ስትራብ ሰፈሩን በጩኸት ታናውጠዋለች፤ እጁን ሲዘረጋላት ትነክሰዋለች። ጎረቤቱ ዳኺል የጋድባን ጣት በጨርቅ መጠቅለሉን ከማዶ ሰገነት አይቶ፣ «አቡ ኢቅባል! አረንጓዴዋ እርግብህ ቁርሷ ጣት ነው እንዴ?» እያለ ይስቅበታል።

ለጋድባን ግን ቀልድ አልነበረም። ከወፍ ዘር አንዷ እንኳ ሳትራብ፣ ወድዳ እጁ ላይ ካላረፈች፣ ያን ሁሉ ዘመን ሰገነት ላይ ምን ሲሠራ እንደኖረ ሊገባው አልቻለም።

ሚስቱ ሐስና እርግቦቹ ሳሉ ሰገነት አትወጣም ነበር፤ ጣውንቶቿ ነበሩ። አሁን ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ሩዝ በትሪ ይዛ ትወጣና ወፍ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠጠር ትለቅማለች። ቀና ብላ በቀቀኗን አታያትም፤ ለብቻዋ ታጉተመትማለች እንጂ። በቀቀኗ በመጀመሪያ ከማረፊያዋ ዝቅ አለች፤ ሰንብታ የትሪው ጠርዝ ላይ ቆመች፤ በኋላማ የሐስናን ትከሻ ቤቷ አደረገችው። ሽማግሌ በወፍ ሲቀና ያስቃል፤ ጋድባን ግን ቀና።

አንድ ቀን «ቤቱን ለምዳለች፤ ዛሬ እለቃታለሁ» አለ።

«ተው አንተ ሰውዬ! ቤት የሚለምድ እርግብ ነው። ይቺ የምትለምደው ሰው ነው።»

«ስለ ወፍ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

«እኔማ ምን አውቄ፤ ሩዝ ለቃሚ!» ብላ ትሪዋን ይዛ ወረደች።

በሩን ከፈተው። በቀቀኗ ሽው ብላ ከሰገነቱ ከፍ ብሎ የቆመው የዳኺል ቴምር ዛፍ አናት ላይ ወጣች። ጋድባን አፏጨ። እህል በተነ። ጣሳ አንኳኳ። እሷ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ! ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉሮሮው ደርቆ ግንቡ ሥር ቁጭ አለና አለቀሰ። ዳኺል እንኳ አይቶት ሊቀልድ አልደፈረም።

ሐስና ከትሪዋ ጋር ተመልሳ ወጣች። «ብዬህ ነበር» አላለችም። በሩን እንደተከፈተ ትታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና እየለቀመች እንደ ወትሮዋ ማጉተምተም ጀመረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከብዙ ቆይታ በኋላ በቀቀኗ ከዛፉ ተነሣች፤ አንዴ ዞረችና ገብታ ትከሻዋ ላይ አረፈች።

ጋድባን ቀስ ብሎ ገብቶ በሩን ዘጋ። «ምን እያልሽ ነው የምታናግሪያት?» አላት።

«እሷን መች አናገርኳት? ላንተ ልነግርህ የነበረውን ነው የማወራው።»

«የቱን?»

«ከተጋባን ጀምሮ ያለውን። አንተ መች ጊዜ ነበረህ!»

ሌላ በርጩማ ስላልነበረ ጋድባን መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ትሪውን ወደ መሐል ሳብ አድርጎ ጠጠር መልቀም ጀመረ።

«በይ እስቲ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለ።

በቀቀኗ ያን ቀን እጁ ላይ አላረፈችም። እሱም አልጠራትም።