የሳንሩፉ መሐላ

መስታወት የሚፈራ መስታወት ሠሪ አጋጥሟችሁ እንደሆን እንጃ። ሙህዲን ይፈራ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስም ያተረፈውም ስለሚፈራ ነው። መስታወት ፊቱን ቢመቱት ይችላል፣ ጠርዙን ከነኩት ግን ምሕረት የለውም ይላል ሁልጊዜ። ሶማሌ ተራ፣ ከአሮጌ የመኪና በሮች ክምር ጎን ያለችው ጠባብ ሱቁ ታፔላ የላትም። ታፔላ ምን ያደርግላታል? ጎጃም በረንዳ ጠይቁ፣ በርበሬ በረንዳ ጠይቁ፣ የመኪና መስታወት ካላችሁ የምትላኩት ወደ ሙህዲን ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ነበረው። መርካቶ መሐላ የረከሰበት ሰፈር ነው። ሻጩ በልጆቹ ይምላል፣ ገዢው በእናቱ ይምላል፣ ሁለቱም እንደሚዋሹ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ገበያው ግን ይቀጥላል። ሙህዲን ግን "ወላሂ" ካለ አለቀ። ይህ መስታወት የዚህች መኪና ነው፣ ወላሂ፤ አለቀ። ነገ ይደርሳል፣ ወላሂ፤ አለቀ። ደላሎቹ እንኳ፣ እነዚያ የሰው መሐላ እንደ ሳል የሚሰማቸው ደላሎች፣ የሱን ሲሰሙ ክርክራቸውን ያቆማሉ። እሱም ይህን ያውቅ ነበር። አልፎ አልፎ ደስ ይለው ነበር እንጂ ምን ይደብቃል።

ከደንበኞቹ ሁሉ የቆዩት ጋሼ ቦጋለ ናቸው። ጎጃም በረንዳ ጤፍ በጅምላ ሲሸጡ አርጅተው፣ ሱቁን ለዘመድ ትተው ቤታቸው የተቀመጡ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያለቻቸው አንድ ልጅ መቅደስ ናት። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መኪና የምትነዳላቸው እሷ ናት፤ ለቅዳሴ፣ ለለቅሶ፣ ለሽምግልና። መኪናዋ ቀለሟ ድሮ ምን እንደነበር ሰው የማይስማማባት አሮጌ ኦፔል ናት፤ ጣሪያዋ ላይ ግን ተንሸራቶ የሚከፈት መስታወት አላት። በዚህች ሳንሩፍ ጋሼ ቦጋለ ሲኮሩ አይጣል ነው። እሳቸው መኪና በገዙበት ዘመን ሰማይ የሚታይበት መኪና የነበረው ማን ነው?

ሐምሌ ላይ ሳንሩፏ ማፍሰስ ጀመረች። አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ መቅደስ መኪናዋን ይዛ መጣች። ሙህዲን አየት አድርጎ መስታወቱ ደህና መሆኑን፣ የደረቀው ዙሪያውን የያዘው ጎማ መሆኑን፣ መስታወቱን አንስቶ ጎማውን ብቻ እንደሚቀይር ነገራት። ሁለት ሰዓት በቂ ነው አላት። እሷም ጫማ ልይ ብላ ወደ ዱባይ ተራ ወረደች።

መስታወቱን የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ሦስቱ እንደ ቅቤ ወጡ። አራተኛው ዝጎ አልነቃነቅ አለ። ምን ማድረግ እንዳለበት ከሙህዲን በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዘይት ጠብ ያደርጉበታል፣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁታል፣ በቃ። ግን አዛን ተሰማ። ጁምዓ ሳያመልጠው ሥራውን ጨርሶ መሄድ ፈለገ። ካቻቢቴውን ከመስታወቱ ጠርዝ ሥር ሰክቶ ትንሽ፣ እውነቴን ነው በጣም ትንሽ፣ ወደ ላይ ገፋ አደረገው።

ጧ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያ ሁሉ መስታወት ባንዴ እንደ ሩዝ ፈሶ ወንበሩን ሞላው።

ሙህዲን ካቻቢቴውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላውን ሲያስጠነቅቅበት የኖረውን ስህተት ራሱ ሠራው። ግራ ቀኝ አየ፤ ያየው ሰው የለም። እጁን ታጥቦ ወደ መስጊድ ሄደ። በመንገድ ላይ ለመቅደስ የሚላትን አዘጋጀ፦ እህቴ፣ ቸኩዬ ሰበርኩት፣ ፈልጌ እተካዋለሁ። በቃ ይኸው ነው። ከባድ ነገር አልነበረም። ያንን ቃል በአፉ እያመላለሰ ሰገደ።

ሲመለስ ግን መቅደስ ብቻዋን አልነበረችም። ቀድማው መጥታ ፍርስራሹን ስታይ ደንግጣ ለአባቷ ደውላለች፤ ጋሼ ቦጋለ ታክሲ ይዘው ደርሰዋል። ጎረቤት ነጋዴው፣ ደላላው፣ ሥራ ፈቱ ሁሉ መኪናዋን ከቧል። ሽማግሌው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን አገኛት ብለው ጠየቁት።

"ሙህዲን ሰበረ" የሚለው ወሬ እስከ ማታ ሶማሌ ተራን ሲዞር ከወዲሁ በጆሮው ሰማው። እና ያ የተዘጋጀው ቃል ከአፉ ጠፋ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ጠርዙ ቀድሞ ተጎድቶ ነበር አለ። ከባድ ነገር ሳያርፍበት አልቀረም፣ ገና ጫፉን ስነካው ነው የፈሰሰው አለ። ጋሼ ቦጋለ ትኩር ብለው አዩት። አላመኑኝም መሰለውና ጨመረበት።

"ወላሂ ጋሼ፣ ተጎድቶ ነው የመጣው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጋሼ ቦጋለ ፊታቸውን ከሱ ወደ ልጃቸው አዞሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ የመቅደስ ጓደኛ ሀኒ ስታገባ፣ መቅደስ አባቷ እያጉረመረሙ መኪናዋን ለአጀቡ ወስዳ ነበር። የአዲስ አበባ ሰርግ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ካሜራማኑ ሳንሩፍ ያላት መኪና ካየ ወገቡን በጣሪያው አውጥቶ ካልቀረጸ ሰርጉ ሰርግ አይመስለውም። ያንለትም ወጥቷል። ጋሼ ቦጋለ ይህንን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አነሱት። መቅደስ ሰውዬው በክፍተቱ ቆመ እንጂ መስታወቱን አልነካውም ብትል ማን ይስማት? ሙህዲን ምሏል። ያኔ መቅደስ ሙህዲንን አየችው። አልተሳደበችም፣ አልጮኸችም። እሱ ዓይኑን ወደ መሬት ሰደደ። እሷም ቁልፉን በአባቷ እጅ አስቀምጣ በእግሯ ሄደች።

ቤት ገብተው አባትና ልጅ ምን እንደተባባሉ ሙህዲን አላወቀም። በሳምንቱ ጋሼ ቦጋለ እፈልግልዎታለሁ ያላቸው ምትክ መስታወት ተገኘ ወይ ብለው ሊጠይቁ በከዘራ እየተመሩ ሲመጡ ነው መቅደስ ቤት ለቃ ኮልፌ አክስቷ ዘንድ መግባቷን የሰማው። ሽማግሌው ይህን የነገሩት እንደ ተራ ወሬ ነው፤ ግን ዝናብ አበስብሷቸዋል፣ የኮታቸው ቁልፍም ተዛንፎ ነው የተቆለፈው። በየት አልፈው እንደመጡ፣ ስንት ቦታ እንደተደናቀፉ ፈጣሪ ይወቅ። ወንበር አቀረበላቸው። እሳቸው ደግሞ ጭራሽ አመሰገኑት፦ አንተ ባትኖር ልጄ ስትዋሸኝ እኖር ነበር አሉት። ከዚህ በላይ ዱላ አለ?

ከዚያ ወዲያ ሙህዲን ሰው መሆኑ ቀረ። ምሳውን ሳይነካው ወደ ቤት ይመልሳል። መኪናዋ ሱቁ ፊት ለፊት ጣሪያዋ በላስቲክ ተሸፍኖ ቆማለች፤ ዝናብ ላስቲኩን በመታው ቁጥር ልቡን የመታው ይመስለዋል። ሚስቱ ሱሀይር ምን ሆንክ ብትለው ጨጓራዬ ነው ይላል። ያ መሐላም ከምላሱ ጠፋ። ደንበኛ ወላሂ በል ሲለው "ከፈለግህ ውሰድ፣ ካልፈለግህ ተወው" እያለ ያሳልፋል። ደላሎቹ ሙህዲን ኮራ ብለው አሙት። ኩራት ቢሆንለት ምን ነበረበት!

የሐሰት መሐላ ማካካሻ እንዳለው ያውቃል። አሥር ተሸካሚዎች ሰብስቦ ምሳ አበላ። እሱ አልበቃ ሲለው ሦስት ቀን ጾመ። ምንም የቀለለው ነገር የለም። በመጨረሻ ልጅ ሆኖ ቁርዓን ያስተማሩት ሼህ ሀያቱ ዘንድ ሄዶ፣ አንድ ወዳጄ እንዲህ አድርጎ ነበር ብሎ ጠየቃቸው። ሼሁ ስለ ወዳጁ ጤንነት ደጋግመው ጠየቁ፤ ጾሙ እንኳ ማብላት ላቃተው ነው፣ ወዳጅህ ሁለቱንም ማድረጉ ደህና ፈርቷል ማለት ነው ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ።

"ለአላህ ያለበትን ከፍሎ ይሆናል። የልጅቱን ሐቅ ግን ተሸካሚዎቹ አልበሉትም" አሉት።

መስታወቱ የተገኘው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ከተጋጨች ተመሳሳይ ኦፔል ላይ። ሙህዲን በዚህኛው አልቸኮለም። ዘይቱን ጠብ አደረገ፣ ጠበቀ፣ ያ እልኸኛ ብሎን በእጅ ተፈቶ ወጣ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ቁጭ ብሎ ብሎኑን በመዳፉ ይዞ ሲያየው እንባው መጣ። አዲሱን ጎማ አለበሰ፣ መስታወቱን አስቀመጠ፣ ውሃ በባልዲ አፈሰሰበት፤ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ለጋሼ ቦጋለ ደወለ።

መጡ። በጣታቸው መስታወቱን ዳሰሱት። መኪናው ውስጥ ገብተው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡና ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ ምን ያህሉ እንደታያቸው እንጃ። ሙህዲን በመሪው በኩል ገብቶ በሩን ዘጋ። እዚያው ነገራቸው። ዝገቱን፣ አዛኑን፣ ካቻቢቴውን፣ አንድም ሳያስቀር። ካሜራማኑ ንጹሕ ነው፣ መቅደስም ንጹሕ ናት፣ የሰበርኩት እኔ ነኝ አለ።

ጋሼ ቦጋለ ሳቁ። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ልታስታርቀን ነው አሉት፤ እኔም ስንቱን ባልና ሚስት ስሸመግል የሌለ ጥፋት በራሴ ላይ ጭኜ አውቃለሁ፣ የደግ ሰው ሥራ ነው፣ እግዜር ይስጥህ፣ ግን ልጄን በውሸት ልመልሳት አልፈልግም አሉ። ሙህዲን እንደገና ነገራቸው። እንደገና ሳቁ። በሐሰት ሲናገር ባንዴ የታመነ ሰው፣ እውነቱን ሁለቴ ተናግሮ የሚያምነው አጣ። በሦስተኛው ግን የሽማግሌው ፊት ጠቆረ።

"እንግዲያስ ማልልኝ" አሉት። "ያንለት እንዳልከው ወላሂ በለኝ።"

ሙህዲን አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣም። መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

"አልችልም ጋሼ" አለ። "ያንን ቃል ለርስዎ አንዴ ሸጬዋለሁ። አሁን ብምል በምን ያምኑኛል?"

ጋሼ ቦጋለ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ። ውጭ ጋሪ ገፊው መንገድ ልቀቁ እያለ ይጮኻል። ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

"እሷም አልምልም አለችኝ" አሉ። "ያንለት ማታ። ማርያምን በይ አልኳት። ‹ለአንተ ለአባቴ ምዬ ነው የምታምነኝ?› አለች። እውነት ቢኖራት ትምል ነበር ብዬ... እምቢ ማለቷን እንደ ጥፋት ቆጠርኩባት።"

ሽማግሌው ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡትና ኮልፌ ውሰደኝ አሉት።

የአክስትየውን በር ያንኳኳው ሙህዲን ነው። የከፈተችው መቅደስ ነበረች፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው ስታይ እጇ ከበሩ አልተለየም። ቀድሞ የተናገረው ሙህዲን ነው። በመኪናው ውስጥ ያለውን ሁሉ ደገመው፣ ሲጨርስም ሁለት እጁን አጣምሮ ይቅርታ ጠየቃት። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠው ሰማች። ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፣ ጋሽ ሙህዲን አለችው፣ በለሰለሰ ድምፅ፤ እሱን ግን አላየችውም። ስታይ የቆየችው አባቷን ነበር።

"ጋሽ ሙህዲን መጥተው ባይነግሩህስ ኖሮ፣ አባዬ?" አለች።

ጋሼ ቦጋለ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሙህዲንም አጠገባቸው አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ ያ ጥያቄ ለሳቸው ይቅረብ እንጂ፣ ለዚህ ያበቃቸው የሱ መሐላ እንደሆነ ያውቃልና።