ነጭ ነጩን

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቀለም እመርጥና ያገኘሁትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። በቀዩ ሳምንት ቲማቲም፣ በርበሬና የተፈገፈገ ቴርሞስ ነበሩ፤ በቢጫው ደግሞ ሎሚ፣ ሙዝና ጀሪካን። አሰላ ውስጥ ይህን እንደ ሥራ የሚቆጥርልኝ ሰው የለም። «ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ታነሺዋለሽ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ነጭ ላይ ስደርስ ተቸገርኩ። ዐቢይ ጾም ነው፤ ቤቴ ውስጥ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፣ አይብ የለ። በጾም ወተት ገዝቶ መግባትም ደስ አላለኝም። ስለዚህ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። አዛውንት ሙስሊም ሴት ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በኦሮምኛ አዮ፣ እናቴ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ኢንታላ ኮ፣ ልጄ ይሉኛል።

ያን ጊዜ ረመዳንም ገብቷል። አዮ ከኢድ በኋላ አቦምሳ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው ሊሄዱ ስለነበር፣ የቤቱ ግማሽ ዕቃ በማዳበሪያ ታስሯል። የእሳቸው አንዲት ፎቶ እንኳ የለችኝም። ስንት ጊዜ ለመንኳቸው! «ፊቴ በሰው ስልክ አይዞርም» ካሉ አለቀ፤ ልጃቸውንም እንዳያነሳቸው ከልክለውታል። ያን ቀንም እንደገባሁ ሞከርኩ።

«ዕቃዬን አንሺ፣ እኔን ተዪኝ» አሉ።

ዕቃቸውን ግን አልሰሰቱብኝም። እንቁላል፣ ወተት በብርጭቆ፣ አይብ በሳህን፣ ስኳር፣ ሩዝ አቀረቡ። ጠረጴዛውን መስኮቱ ሥር ሳብነው። የበልጉ ደመና ብርሃኑን አለስልሶታል። ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አይቡ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ስኳሩም ከወተቱ አጠገብ ሲቀመጥ የቆሸሸ ይመስላል። ስኳሩን አነሳሁት። እኔ አይቡን ሳስጠጋ እሳቸው ብርጭቆውን ገፋ ያደርጋሉ።

«ሁለት ጾመኛ ወተት ይደረድራል!» ብለው ሳቁ። «ሰው ቢገባ ምን ይለናል?»

«አብደዋል ይለናል፣ አዮ።»

በስተግራ ባዶ ቦታ ቀረ። ድስት ሞከርኩ፣ ትራስ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ተናደድኩ፤ ስናደድ ደግሞ አፌ ልጓም የለውም።

«ትልቅ ነጭ ነገር ነው የሚያስፈልገኝ! ሁሉን አስረውታል እኮ!» አልኩ።

ያናደደኝ ባዶው ቦታ ሳይሆን የታሰረው ዕቃ መሆኑን ያወቅኩት ከአፌ ሲወጣ ነው። እሳቸውም ሳይገባቸው አልቀረም። ተነስተው ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ሶላት የሚሰግዱበትን ሰፊ ነጭ ልብስ ተከናንበዋል። ወንበር ስበው ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ከእንቁላሎቹ ጎን አሳረፉ።

«ይኸው ትልቅ ነጭ» አሉኝ።

ስልኩን አነሳሁ። እንባዬ ሞልቶ ምንም አይታየኝም።

«ሜ፣ እስቲ ዓይንሽን ጥረጊና አንሺ» አሉ። «ደብዝዤ አንቺ ዘንድ አልቀርም።»