ተራራው ያነከሰበት ቪዲዮ

ሰሞኑን ልጄ ሰናይት ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ፣ ክርኖቿን ከጎኗ አጣብቃ ቤቱን ቀስ እያለች ስትዞር አየኋት። መጀመሪያ በሩን፣ ከዚያ አልጋውን፣ ከዚያ ሽንኩርት እየላጥኩ የተቀመጥኩትን እኔን ቀረጸች። ትንፋሿን ሳይቀር ይዛለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

ጨርሳ ስትተነፍስ፣ «ለኤፍሬም ነው እማዬ። የት እንዳለሁ ማየት ይፈልጋል። ቪዲዮው ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ‹ምን ያጣድፍሻል፣ ማንን ደብቀሽ ነው?› ይለኛል» አለችኝ።

ኤፍሬም እጮኛዋ ነው፤ ባሕር ዳር ይሠራል። እሷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፍም አይሆንልኝም። ይህንን ታሪኬን ግን በአፌ ብነግራት ስለምትስቅብኝ በወረቀት ይሻላል አልኩ።

ልጃገረድ ሳለሁ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ከአባቴ ጋር እኖር ነበር። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ሃያ ዓመት አልፎኝ ሳላገባ በመቅረቴ ሰው ማማት ጀምሯል። በእኛ አገር ሳታገባ ለቆየች ልጅ ምክንያት አይጠፋላትም፤ ወይ ዛር አለባት፣ ወይ የተደበቀ ሕመም አለባት ነው። አባቴ ይህን ስለሚያውቅ ከደባርቅ የመጣውን ጥያቄ ሲሰማ ደስ አለው። ጠያቂው መኰንን ይባላል፤ ሑመራ ትራክተር ይነዳል። «ሳላያት አላገባም፣ ሥራም ትቼ መምጣት አልችልም» ብሎ ቀርጾ እንዲያመጣለት የአክስቱን ልጅ አስማረን ላከ። አስማረ ጎንደር ፎቶ ቤት የሚሠራ ጎረምሳ ነው።

ጥር ነበር። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ አውድማው ላይ ገለባው ገና ይበናል። አስማረ ትልቅ የቪዲዮ ካሜራ አንግቶ፣ እህል ከጫነ ኢሱዙ ላይ ዘሎ ወረደ። ቆሎና ጠላ አቀረብኩለት። አባቴ ካሜራውን እንደ እባብ ከሩቅ ነው ያየው።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር ልጄን ወስዶ የት ነው የሚያስቀምጣት?»

«ካሴቱ ውስጥ ነው አያ ቢምረው።»

«ከካሴቱስ ማን ያወጣታል?»

«ኧረ ማንም አያወጣትም። ያይዋታል እንጂ።»

«እነማን እንደሆኑ ነው የጠየቅሁህ» አለ አባቴ።

ከአውድማው እስከ ምንጩ እንድሄድ ታዘዝኩ። አስማረ በጎኔ እየተከተለ ቀረጸኝ። ነጠላዬን ነፋስ ይገፈዋል፣ እኔ አፍራለሁ፣ የጎረቤት ሴቶች በአጥር ያያሉ። በቃ አለና ሄደ።

ጾም ሳይገባ የመኰንን አጎት አያ ታከለ በበቅሎ መጡ። ቁጭ ይበሉ ቢባሉ እምቢ አሉ።

«ቢምረው፣ ጉድለት ያለባት ልጅ ደብቀህ ልትሰጠን ነው?»

«የምን ጉድለት?»

«ታነክሳለች። ሑመራ ድረስ ታይቷል።»

አባቴ ዱላውን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። ወሬው ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ከወጣ እኔን ዳግመኛ የሚጠይቅ አይኖርም፤ አባቴም አታላይ ተብሎ ይቀራል። አስማረን ጠረጠርኩት። መኰንንን ለሚያውቃት ሌላ ልጅ ሊያስቀር ሆን ብሎ ያደረገው መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ውኃ ስወርድ የእግሬን ኮቴ አዳምጣለሁ። ሰው ሲያየኝ ጊዜ እውነትም አካሄዴ ይወላገዳል።

አባቴ «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብሎ ደባርቅ ይዞኝ ሄደ። አያ ታከለም አስማረም ባሉበት በአንድ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ውጪ ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል፤ የደባርቅ ብርድ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይገባል። ቴሌቪዥኑ ሲበራ እኔ ወጣሁ። እውነትም አነክሳለሁ። ቀሚሱ የእኔ፣ ነጠላው የእኔ፤ አካሄዱ የማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። አባቴ አንገቱን ደፋ።

እኔ እግሬን ማየት ሲያስጠላኝ ዓይኔን ከበስተጀርባ ወዳለው የስሜን ተራራ አነሳሁ። ትክ ብዬ አየሁት።

«አያ ታከለ፣ ተራራውንስ አዩት?» አልኩ።

«ተራራው ምን ሆነ?»

«እሱም እያነከሰ ነው።»

ካሴቱ ተመልሶ ታየ። ተራራው ከእኔ ጋር ዝቅ ይላል፣ ከእኔ ጋር ብድግ ይላል። ባሕር ዛፎቹም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላትም። አባቴ ቀድሞ ሳቀ፤ «ይኼንን ተራራ ማን ሰበረው በሉ?» አለ። ሁሉም ወደ አስማረ ዞሩ። ከኢሱዙው ሲዘል ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ኖሯል። የከተማ ልጅ ከመኪና መውረድ አያውቅም እንዳይባል ደብቆ፣ እያነከሰ ተከትሎኛል። ያነከሰው ካሜራው ነው።

እንደገና እዚያው አውድማችን ላይ ይቀረጽ ተባለ። በዚህ ጊዜ አስማረ አልተከተለኝም፤ እሱ ይቆማል፣ እኔ በፊቱ አልፋለሁ። የአባቴን የጠፍር መጫኛ ለምኖ አንዱን ጫፍ ከካሜራው ሆድ ሥር አሰረ፣ ሌላውን በእግሩ ረግጦ ካሜራውን ወደ ላይ ወጠረው። «እኔ ወደ ላይ ስስበው ጠፍሩ ወደ ታች ይይዘዋል፤ መሃል ላይ ይረጋል» አለ። ጀርባውን ከባሕር ዛፍ አስደገፈ። አባቴም ዝም ማለት ስላልቻለ፣ «ክርንህን ከጎንህ አጣብቅ። ጠመንጃ ይዘህ አታውቅም? ተንፍስና ያዘው» አለው።

በዚያ ሰሞን መሬት በገመድ እየተለካ ሊሸነሸን ነው የሚባል ወሬ ነበርና፣ ጠፍር ረግጦ የቆመውን ሰው ያዩ ጎረቤቶች ዱላ ይዘው መጡ።

«ቢምረው፣ ማሳችንን የሚያስለካው አንተ ነህ?»

«ልጄን ነው የማስለካው። ተመለሱ» አለ አባቴ።

ደባርቅ ቪዲዮ ቤቱ ተመልሰን ስናየው ሁለተኛው ካሴት እንደ ኩሬ ውኃ ረግቶ ወጣ። ተራራው ቆሟል፣ እኔ እሄዳለሁ። የዳንኩ መሰለኝ። አያ ታከለ ግን አገጫቸውን እያሹ፣ «ይኼኛው ደግሞ ጨርሶ አልተነቃነቀም። ምን አድርጋችሁበት ነው?» አሉ። «መኰንንም ቢያየው ይኼንኑ ነው የሚለው። እዚሁ ፊታችን ትሂድ።»

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። «አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ።

እምቢ ብል አንካሳነቱ እኔው ላይ ይቀራል። ተነስቼ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። ተጋባን።

መኰንን ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልመታኝም፣ አላስራበኝም። ግን እስኪሞት ድረስ እንዳየኝ ኖረ። ከገበያ ስመለስ «በየት ዞረሽ መጣሽ?» ይላል። ተደናግሬ ብመልስ «ለምን ተርበተበትሽ?» ነው፤ ሳልደናገር ብመልስ «አጥንተሽው ነው የመጣሽው» ነው። የሁለቱን ካሴቶች ነገር ያኔ ባስተውል ኖሮ እላለሁ። የሚጠረጥር ሰው የሚያየው ነገር ሲንቀጠቀጥም አያምን፣ ሲረጋም አያምን። እኔ ግን ጥፋቱን ሁልጊዜ ከእግሬ ነበር የምፈልገው። «እስኪ መኰንንም በፊታችን ይሂድ» ያለ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም፤ እኔም አላልኩም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ሰናይትን ጠራኋት። ከማንበቧ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኋት።

«ኤፍሬም እሱ ያለበትን ቀርጾ ልኮልሽ ያውቃል?»

«እሱማ ሥራ ይበዛበታል።»

«ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

ወረቀቱን ተቀብላኝ ቁጭ አለች። ፈራሁ፤ ልጅን ከምትወደው ሰው ማጣላት ቀላል ነገር አይደለም፣ ተሳስቼም ይሆናል። እያነበበች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የኤፍሬምን ስም አየች። አላነሳችውም፣ አልዘጋችውምም፤ ጮኾ ጮኾ ዝም እስኪል ንባቧን ቀጠለች።