ሐሙስ ሐሙስ ኦስቲያ መናፈሻ

ሐሙስ ሐሙስ፣ ልጅ ሳለሁ፣ እኔና እትዬ አበበች ሮማ ውስጥ ከምንኖርበት ሰፈር፣ ከኤስኲሊኖ፣ ተነስተን በባቡር ኦስቲያ፣ የሮማ ባሕር ዳርቻ እንወርድ ነበር። እናቴ እዚያ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት እያደረች ስለምትሠራ የሚያሳድጉኝ እትዬ ነበሩ፤ የሥጋ ዘመዳችን አይደሉም፣ ግን ዘመድ ከዚያ በላይ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። የእማዬ ዕረፍት ሐሙስ ከሰዓት ነው። የምንገናኘውም ባሕሩ ዳር ባለው መናፈሻ፣ ጥዶቹ ሥር ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር።

እማዬ ግን በሰዓቷ መጥታ አታውቅም። የሲኞራዋ ሴት ልጅ መጥታ ካልተካቻት መውጣት አትችልም፤ እሷ ደግሞ መቸኮል የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። እኔ ዓይኔን ከመናፈሻው በር ሳልነቅል «ዛሬስ ብትቀርብኝ?» እላለሁ። ያኔ እትዬ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው የመናፈሻውን ታሪክ ይጀምሩልኛል።

«ይኼ የተቀመጥሽበት ሁሉ ረግረግ ነበር» ይላሉ። የወባ ትንኝ ሰው ሲፈጅ ከሩቅ አገር ቆፋሪዎች መጥተው ቦይ እየቀደዱ ውኃውን ወደ ባሕር እንደሸኙት፣ ከዚያ ጥድ እንደተተከለ፣ ባለ ጃንጥላ ወይዛዝርት ሊናፈሱበት እንደመጡ፣ ከዚያ በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ወታደር እንዳጠረው፣ በኋላም የሰፈሩ ሰው ፍርስራሹን ጠርጎ ለልጆቹ እንደከፈተው፤ ሁሉንም እትዬ ለዓመታት ሰው ቤት ሲሠሩ ከኦስቲያ አሮጊቶች የለቃቀሙት ነው። በሩ ላይ ካስታኛ የሚሉትን የዛፍ ፍሬ የሚጠብሰው ሰውዬ የፍም ጭስ ከባሕሩ ሽታ ጋር ተደባልቆ ይመጣብን ነበር።

የታሪኩ ርዝመት እንደ እማዬ አመጣጥ ነው። ቶሎ ከመጣች ረግረጉ ባንድ አፍታ ይደርቃል። ከዘገየች ቆፋሪዎቹ ምሳ ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ አንዱም ሚስት ያገባል።

አንድ የኅዳር ሐሙስ ግን በእትዬ ታሪክ ጦርነቱም አልቆ፣ ፍርስራሹም ተጠርጎ እማዬ የለችም። የመናፈሻው መብራት በራ፤ ካስታኛ ሻጩ ፍሙን አመድ አልብሶ ዕቃውን መሰብሰብ ያዘ። ማልቀስ ጀመርኩ።

«አሎራ፣ እሺ እንግዲህ» አሉ እትዬ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «መናፈሻው ሲከፈት አንዲት ቀይ ኮፍያ ያደረገች ልጅ መጥታ እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናቷን ትጠብቅ ነበር።»

ቀይ ኮፍያዬን ነካ አደረግሁ። «መጣችላት?»

«እየሮጠች ነዋ!» አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንደኔው በሩ ላይ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እማዬ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ እየሮጠች መጣች። እትዬ በተረት የጠሯት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ሁልጊዜ የሚያልቀው በዚያው ሆነ፤ እማዬም ስትደርስ የምትሰማው ያንኑ «እየሮጠች ነዋ» ነበር።

እትዬ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። እማዬ ጡረታ ወጥታ አሁን ልጄን የምትይዝልኝ እሷ ናት፤ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ እዚያችው ወንበር ላይ ይጠብቁኛል። ባለፈው ሐሙስ ዘግይቼ ስደርስ እማዬ «እየሮጠች ነዋ» ብላ ጨርሳላት ኖሮ፣ ልጄ አያቷን «ኖና፣ ከዚያ በፊትስ?» እያለች ትነዘንዛታለች።

«እስቲ አንቺ ንገሪያት» አለችኝ እማዬ። «እኔ የማውቀው መጨረሻውን ብቻ ነው።»

ያኔ እማዬ ስትዘገይ የሚጎዳው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሷም ያን ሁሉ ሐሙስ ታሪኩ እያመለጣት ኖራለች። መሃላቸው ተቀምጬ ከረግረጉ ጀመርኩ። የምንጠብቀው ሰው ስላልነበረ ቀስ ብዬ አደረቅሁት፤ ቆፋሪዎቹንም ምሳ አበላኋቸው።